ዘመነና «ታማለች» የሚለው ቃል

ደብረ ማርቆስ ውስጥ ጎማ ተንፍሶበት የማያውቅ ካልሆነ በስተቀር ዘመነን የማያውቅ የለም። ወደ አዲስ አበባ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ አሮጌ ጎማ ተቆልሎ በሩን ሊዘጋው በደረሰ የቆርቆሮ ቤት ውስጥ የሚሠራ ጎሚስታ ነው። ዕድሜው አርባን አልፏል፣ ቁመቱ አጭር ነው፣ መዳፉ እንደ ሰፌድ ሰፊ ነው። ወሬ ይወዳል ብል ሐሜት አይሆንብኝም፤ ራሱም ያምናል።

ልጅ ሳለ አባቱ ዲማ ወስደው ቅኔ ቤት አስገብተውት ነበር። ከመጀመሪያዋ፣ ጉባኤ ቃና ከሚሏት ከባለ ሁለት ስንኟ ቅኔ ሳይዘልቅ ወጣ። ለምን እንደወጣ ሲጠየቅ አንዳንድ ቀን ረኃብ ነው ይላል፣ አንዳንድ ቀን ደግሞ በእንተ ስማ ለማርያም እያለ ሲለምን የነከሰውን ውሻ ይከስሳል። ይዞት የወጣው ነገር ግን አለ። ሰው የተናገረውን እንደተናገረው አይሰማም። ሰሙን ማንም ያገኘዋል፣ ቁም ነገሩ ወርቁ ነው ይላል። ባለ ባጃጁ «ዛሬ ሥራ ቀዝቅዟል» ካለው ዱቤ ሊጠይቅ ነው ብሎ ይዘጋጃል። ውሃ ነገ ይለቀቃል ሲባል ሳምንቱን ሙሉ ውሃ የለም ማለት ነው ብሎ ጀሪካኑን ሁሉ ያስሞላል። ብዙ ጊዜ ደግሞ ልክ ይሆናል። የጎዳውም ልክ መሆኑ ነው፤ አሥር ጊዜ ልክ የሆነ ሰው በአሥራ አንደኛው ራሱን አይጠረጥርም።

ከቤቱ ጀርባ አንድ ሜዳ አለች። መረብ ኳስ የምንጫወተው እዚያ ነው። መረቡ ከማዳበሪያ ከረጢት በተፈተለ ገመድ የተሠራ ነው፤ ጫፍና ጫፉ ከጎማ ውስጥ በሚገባው በካላማዳሪ ቁራጭ ተወጥሮ ከባሕር ዛፍ ግንድ ጋር ታስሯል። ኳሷን ስትቀደድ የሚለጥፋት ዘመነ ነው። ከመለጠፏ ብዛት ክብ መሆኗን ትታለች፤ እንግዳ ሰው ሰርቭ ሲመታ ወዴት እንደምትሄድ አያውቅም፣ እኛ ግን ጠባይዋን ለምደነዋል። እኔ መድኃኒት ቤት ነው የምሠራው። ሰርቬ መረብ አያልፍም ተብሎ ስለምታማ፣ የምፈለገው ስድስተኛ ሰው ሲጠፋ ነው።

የሜዳ ጓደኝነት የተለየ ነው። የሰውየውን ቤት ሳታውቅ ጉልበቱን ታውቃለህ። የልጁን ስም ሳትጠይቅ ግራ እጁ እንደሚሰንፍ፣ ሲሸነፍ እንደሚያኮርፍ፣ ስህተት ሲሠራ ማንን እንደሚያይ ታውቃለህ። እንዳላማውን ያገኘነውም እንደዚያ ነው። እንጨት ሥራ ቤት ያለው አናጢ ነው፣ የትውልድ አገሩ ከአምበር ወጣ ብሎ ነው። አንድ ቀን የብስክሌቱን ጎማ ሊያስለጥፍ መጥቶ ቆሞ ሳለ ኳሷ በጣራው ላይ ተንከባልላ ወረደችበት። ያ ረጅም ሰው ዘለል ብሎ ሲመታት አስፋልቱን ተሻግራ ሄደች። ዘመነ የያዘውን ጎማ ጣለና ብስክሌቱ ይቆይ፣ አንተ ግባ አለው።

ከዚያ ወዲያ ዘመነ ያነሳል፣ እንዳላማው ይመታል። ዘመነ ሳያይ ወደ ላይ ይልክለታል፣ ያኛው ሳይጠይቅ ይዘላል፤ ኳሷ ሁልጊዜ እጁ የሚደርስበት ቦታ ትጠብቀዋለች። ከሜዳ አልፎም ቤት ለቤት ተያያዙ። የእንዳላማው ልጅ ሕሊና ክርስትና ስትነሳ ዘመነ የክርስትና አባት ሆናትና አበልጆች ተባሉ። የእንዳላማው እናት እማማ ዘሪቱ ለክርስትናው ከአገር ቤት መጥተው ሰንብተው ነበር። ሁለቱ ሲጫወቱ ከጎማ ክምሩ ላይ ተቀምጠው አይተዋቸው፣ ይህን ለሚያህል ልጅ ነፋስ የተሞላ ቆዳ መደብደብ ምኑ ነው ብለው ስቀው፣ ሲሄዱ ሁለቱንም መርቀው ሄዱ። ዘመነን ልጄ ነበር የሚሉት። እናቱን በሕፃንነቱ ስላጣ ያች ቃል ሆዱን ታባባው ነበር።

እማማ ዘሪቱ የሚኖሩት መሬቱን ከሚያርሰው ከታናሹ ልጃቸው ከይታያል ጋር ነው። እንዳላማው ሲጫወት ስልኩን አጥፍቶ ከኮቱ ኪስ ውስጥ ትቶ ኮቱን ዛፍ ላይ ይሰቅለዋል። ዘመነ ግን ደንበኛ ስለሚደውልለት ስልኩን ከአጠገቡ አያርቅም። ስለዚህ እንዳላማው ለወንድሙ፣ እኔን ካጣኸኝ ለዘመነ ደውል፣ ለሱ መንገር ለኔ መንገር ነው ብሎ ቁጥሩን ሰጥቶታል።

ያን ቅዳሜ ከደምበጫ የመጡ ተጫዋቾች ነበሩ። ደምበጫዎች በየዓመቱ መጥተው አሸንፈውን፣ ምሳችንን በልተው ይሄዳሉ። ያን ቀን ግን አንድ ዙር እነሱ፣ አንድ ዙር እኛ አሸንፈን ለመጨረሻው ዙር ውሃ እየጠጣን ሳለ የዘመነ ስልክ ጮኸ። ይታያል ነበር።

«አያ ዘመነ፣ እማ ታማለች። በጣም ነው የታመመችው። እንዳላማውን ትፈልገዋለች፣ ቶሎ ይምጣ በለው።»

እንግዲህ በኛ አገር ሞት በስልክ አይነገርም። ሩቅ ላለ ዘመድ ሞተ አይባልም፣ ታሟል ይባላል። ትንሽ አሞታል ከተባለ ስጋት ነው፤ በጣም ታሟል፣ ይፈልግሃል፣ ቶሎ ና ከተባለ ግን ሰው ነጠላውን ይፈልጋል። መርዶ ማለዳ ነው፤ ሰው ተኝቶ አድሮ፣ ዘመድና ሽማግሌ ከቦት፣ በወጉ ይነገረዋል። ይህ ደግነት ነው ተብሎ ነው ያደግነው። እኔ አሁን አሁን ሳስበው ያናድደኛል፤ ለሞት ያበጀንለት ስም የበሽታ ስም ስለሆነ፣ በእውነት የታመመ ሰው መታመሙን የሚናገርበት ቃል አጥቷል።

ዘመነ ወርቁን ለማግኘት አልደከመም። «እግዜር ይማራቸው» አለ፣ ነፍሳቸውን ማለቱ ነው። ይታያል ደግሞ ከሕመሟ ያድናት ያለ መስሎት «አሜን» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

መጥቶ በጆሮዬ፣ የእንዳላማው እናት ታመዋል አለኝ። ሞተዋል አላለኝም። እኔም ምን አመማቸው ብዬ አልጠየቅሁም፤ መድኃኒት የምሸጥ ሰው፣ ነፍስ ይማር ነው ያልኩት። ከዚያ ተመካከርን። ልጅ ሳይደርስ አይቀበሩም፣ ቀብሩ መቼም ለነገ ነው። አሁን ቢነገረው መሽቶበት በመንገድ ላይ ሊያብድ ነው። ጨዋታውን ይጨርስ፣ ቤቱ ይተኛ፣ በማለዳ ይዘነው እንሂድ ተባለ። ነገሩ ሁሉ በወግ ነበር። ደምበጫዎችን አሸንፈን አለማወቃችንን በዚያች ሰዓት ያነሳ የለም፤ ዘመነ ግን ማንም ባያነሳውም እኔ በልቤ አስቤው ነበር ወይስ አላሰብሁትም እያለ እስከ ዛሬ ራሱን ይመረምራል።

ወሬው ከጆሮ ወደ ጆሮ ዞሮ የኛ ቡድን ሁሉ ሰማ። በመረቡ ሥር አልፎ ደምበጫዎችም ሰሙ። የእነሱ አለቃ ሸበት ያለ አስተማሪ ነው፤ ራሱን ነቅነቅ አድርጎ ለልጆቹ አንሾካሾከላቸው። ጨዋታው ሲጀመር ሁላችንም እንዳላማውን ማየት አፈርን። ኳስ ሁሉ ለእንዳላማው ሆነ። ዘመነ እያነሳ እሱ ይመታል፤ ሌላ ጊዜ እንደ ግንብ የሚቆሙት ደምበጫዎች እጃቸውን ያዘገያሉ። አንዱ ሊያነሳት የሚችላትን ኳስ ቆሞ ሲያሳልፋት አይቻለሁ። ነገ ሊያለቅስ ነው፣ ዛሬ ይሳቅ ያለ ይመስል ነበር።

እሱም ሳቀ። እንደዚያ ሲዘል፣ እንደዚያ ሲጫወት አይተነው አናውቅም። ዛሬ ምን በልቼ ነው ይላል፣ ዘመነን አቅፎ ከመሬት ያነሳዋል፣ ደምበጫዎችን ምሳችሁን ይዛችሁ ነው ወይ የመጣችሁት እያለ ይቀልድባቸዋል። አሸነፍን። ዘመነ በአበልጁ ክንድ ተሰቅሎ ፊቱን ወደ ሌላ አዞረ።

ሲመሻሽ በሩ ላይ ተቀምጠን ሻይ ስንጠጣ ስልኩ እንደገና ጮኸ። ዘመነ ዞር ብሎ አነሳው። ይታያል የት ደረሳችሁ አለው። «እየጠየቀች ነው። መጣ ወይ ትላለች። ውሃም አልወስድ ብላለች፣ እሱ ሲመጣ እያለች።»

ዘመነ ያኔ ገባው። ጎማ ይዞ ቆመ። መጣን ብሎ ዘጋ። እኔ ፊቱን አይቼ ስነሳ፣ በሕይወት አሉ ብቻ አለኝ። ከዚያ ወደ እንዳላማው ሄዶ፣ «እናትህ ታመዋል፤ አሁን ተደወለልኝ፣ ተነስ እንሂድ» አለው። ያን ቀን ከተናገረው ሁሉ ውሸቷ «አሁን» የምትለው አንዲት ቃል ነበረች።

እንዳላማውም የዚሁ አገር ሰው ነው። ታመዋል ሲባል ብርጭቆው ከእጁ ወደቀና ሞታለች አይደል ብሎ ጮኸ። ዘመነ አልሞቱም፣ በሥላሴ፣ አልሞቱም እያለ ይምል ገባ። ማን ይመነው? እንዲህ እየማለ አይደል ሰው መርዶውን የሚሸፍነው። በሰሞኑ ሁኔታ ከመሸ በኋላ ወደዚያ የሚሄድ መኪና የለም፤ ዘመነ አንድ የሚያውቀውን የአይሱዙ ሾፌር እግሩ ላይ ወድቆ ለመነውና ሦስታችንም ከፊት ተጨናንቀን ወጣን። እንዳላማው ከማርቆስ እስከ አምበር ድረስ አለቀሰ። እናቱን በስማቸው እየጠራ፣ ደረቱን እየመታ ነው ያለቀሰው። እናቱ ያኔ በሕይወት አሉ፣ በሩን ያያሉ፤ ልጃቸው ግን ሞተዋል ብሎ ያለቅስላቸዋል። ዘመነ መሀል ተቀምጦ፣ አሉ እኮ፣ አሉ እያለ ይደጋግም ነበር።

ከአምበር ወዲያ ያለውን በእግር ወጣነው። የቤቱ አጥር ሲታየን የሴቶች ጩኸት ተሰማ። ገና የጀመረ ጩኸት ነበር፤ አንድ ሁለት ድምፅ፣ ከዚያ ከየቤቱ የሚጨመር። እንዳላማው ቆመ። ምን ማለት እንደሆነ የገባው ከኛ ይልቅ ቀስ ብሎ ነው፤ ዞሮ ዘመነን አየውና «እውነትህን ነበር?» አለው።

ውስጥ ሲገባ ሴቶቹ፣ ትንሽ ቀድመህ ብትደርስ፣ አሁን እኮ ነው፣ ስምህን እየጠራች አሉት። ወንድሙ ከመደቡ ሥር ተነስቶ መጣ። የእንዳላማው ኮት ተከፍቶ የጨዋታ ማሊያው ይታይ ነበር።

«እናትህ እየሞተች ኳስህን ጨርሰህ መጣህ?» አለው።

«አንተ ነህ እስኪመሽ ሳትደውል የቆየኸው» አለ እንዳላማው።

«በቀን ነው የደወልኩት!»

«ሲመሽ ነው የደወልከው!»

ሽማግሌዎች መሀል ገብተው፣ ይሄ ሐዘን ነው የሚናገረው ብለው አለያዩዋቸው። ዘመነ በሩ ላይ ነጠላውን አፉ ላይ አድርጎ ቆሞ ነበር። አንድ ቃል ይበቃ ነበር። እኔም ከኋላው ነበርኩ፣ የሱ ነው ይናገረው ብዬ ዝም አልኩ። ሁለቱ ወንድማማቾች እርስ በርስ ተያዩ እንጂ አንዳቸውም እሱን አላዩትም፤ እግር ላይ ወድቆ መኪና ያገኘ፣ አብሮ የሮጠ ሰው ማን ይጠረጥራል?

ከቀብር መልስ እንዳላማው፣ ይታያል የደወለልህ ሲመሽ አይደል ብሎ ጠየቀው። ዘመነ አዎ አለ። ይታያል ሲመሽም ደውሏል፤ ስለዚህ ሰሙ እውነት ነው። ከቅኔ ቤት ከወጣ ወዲህ የተቀኘው ቅኔ ያች ናት፤ ሲነግረኝ በገዛ አፉ እንዲያ ብሎ፣ ከዚያ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ።

ወንድማማቾቹ ተቆራረጡ። አርባ ሲደርስ ይታያል በአገር ቤት ደገሰ፣ እንዳላማው ማርቆስ ላይ ለብቻው ደገሰ። ለአንዲት እናት ሁለት ተስካር ሲወጣ እኔ ያን ጊዜ ነው ያየሁት። ቄሱ በፍትሐቱ ላይ ወለተ ሰንበት እያሉ የክርስትና ስማቸውን ሲጠሩ፣ ዘመነ ጥግ ላይ ተንበርክኮ ነበር። ሰዉ ሁሉ የሱን ወዳጅነት ያመሰግናል። ድንኳን የተከለ እሱ፣ ውሃ ያስቀዳ እሱ፣ ሌሊት የቆመ እሱ። አበልጅ ማለት እንዲህ ነው እያሉ ትከሻውን ሲመቱት፣ በተመታ ቁጥር ሲኮማተር አየዋለሁ።

እንዳላማው ከአርባው በኋላ ወደ ሜዳ ተመለሰ። ፀጉሩን አሳድጎ፣ ከስቶ ነበር። ሐዘን ላይ ያለ ሰው ኳስ ይመታል ወይ የሚል እንዳይኖር ነው መሰለኝ፣ ሳንጠይቀው ነገረን። ያን ቅዳሜ በሕይወቴ እንደዚያ ተጫውቼ አላውቅም አለ። ስደርስ ስሜን እየጠራች ነበር አሉኝ፤ ለካ እኔ እዚህ ስዘል እሷ እዚያ እየመረቀችኝ ኖሯል፤ እጄ ላይ የነበረው የእናቴ ምርቃት ነው፤ ስለዚህ እዚህ ስመጣ ከሷ ጋር ያለሁ ይመስለኛል አለ። ደምበጫዎች እጃቸውን ያዘገዩበትን ሜዳ ሁላችንም አየነው።

ያን ዕለት የዘመነ እጅ ተበላሸ። የሚያነሳት ኳስ አንዴ መረብ ውስጥ፣ አንዴ ከጀርባ ትወድቃለች። እንዳላማው አይዞህ፣ የለመድኸው እኮ ነው ይለዋል፤ አጽናኙ እሱ ሆነ። ዘመነ በማግሥቱ ጉልበቴን አመመኝ ብሎ ቀረ፣ ቀጥሎም ቀረ። እቤቱ ምግብ መብላት ትቶ እንደነበር ሚስቱ ነግራኛለች። ንስሐ አባቱ ዘንድ ሄዶ ሁሉን ተናዘዘ። አባ ወልደ ሩፋኤል ስግደት ሰጡት፣ ጾም ጨመሩለት፣ እሱ ግን ይበቃል ወይ ሲላቸው አይበቃም አሉት። ያጠፋኸውን እግዚአብሔር ይቅር ይልህ ይሆናል፤ ሁለቱ ወንድማማቾች ግን በመሀላቸው ቆመህ ሳለ እንዴት ይታረቁ፣ ከመሀል ውጣ አሉት።

ከመሀል ለመውጣት ግን ፈርቶ ሰነበተ። ብነግረው አበልጄን አጣለሁ፣ እሱም ያን ቅዳሜ ያጣል፤ ባልነግረው ወንድሙን ያጣል እያለ ይመዝናል። እኔ ምን እንደምመክረው አላወቅሁም። በመጨረሻ ብቻዬን አልችለውም ብሎ ጠርቶኝ፣ እንዳላማውን ቤቱ አስመጣው። እንዳላማው ጎማ ላይ ተቀመጠ። ዘመነ አልተቀመጠም።

«ይታያል ልክ ነው» አለው። «በቀን ነው የደወለልኝ። ጨዋታው መሀል ላይ።»

እንዳላማው ቀስ ብሎ፣ «ምን አለህ?» አለ።

«እማ ታማለች፣ በጣም፣ ትፈልገዋለች፣ ቶሎ ይምጣ አለኝ።»

«አንተስ ምን ሰማህ?»

«ሞተዋል ብዬ ሰማሁ።»

ወደኔ ዞረና አንተም ታውቅ ነበር አለኝ። አዎ አልኩ። ቡድኑስ፣ ደምበጫዎቹስ አለ። ራሴን ነቀነቅሁ። «እንግዲያ ያ ሁሉ የመታሁት ኳስ…» ብሎ ጀመረና ተወው። እጁን ገልብጦ መዳፉን አየ። ስለ እናቱ እንደሚያለቅስ ጠብቄ ነበር፤ ፊቱ ላይ የነበረው ግን ኀፍረት ነው፤ ያታለልነው እኛ ሆነን እሱ አፈረ።

ዘመነ መኪና እንዳይንሸራተት ከጎማ ሥር የሚወሽቀውን ድንጋይ አንስቶ ማጅራቱ ላይ ጫነና እግሩ ሥር ተደፋ። እንዳላማው ድንጋዩን አነሳለት። ይህን ለኔ አይደለም፣ ለወንድሜ ነው የምትሸከመው አለው። በማግሥቱ በመጀመሪያው መኪና ወደ አምበር ሄድን።

ይታያል አውድማ ላይ ነበር። ዘመነ ከአጥሩ ሥር ድንጋይ አንስቶ፣ ሰው እያየው፣ ተሸክሞ ቀረበና ሁሉን ነገረው። ይታያል ሰምቶ ሲጨርስ ዘመነን አልሰደበውም። ጥፋቱ የኔ ነው፣ አልሞተችም፣ በሕይወት አለች ብዬ መናገር ነበረብኝ፣ እንዴት ዘነጋሁት አለና መሬት ላይ ተቀመጠ። እንዳላማው ሄዶ ከአጠገቡ ተቀመጠ፤ ከዚያ ተቃቅፈው አለቀሱ። ለእናታቸው አንድ ላይ ሲያለቅሱ የመጀመሪያቸው ነበር። ዘመነ ድንጋዩን ማንም አውርድ ስላላለው ተሸክሞ ቆመ፤ ያወረድኩለት እኔ ነኝ።

ተመልሰን ማርቆስ ስንገባ ዘመነ ተቀየምከኝ ወይ አለው።

«አልተቀየምኩህም» አለ እንዳላማው። «እኔም ብሆን ሞታለች ብዬ ነበር የምሰማው። ግን ከእንግዲህ ስትስቅልኝ ለምን እንደምትስቅ አላውቅም።»

ሳምንት ቆይቶ ሜዳ መጣ። ቡድን ስንከፋፈል ዘመነ እንደ ልማዱ ቦታ ጠበቀለት። እንዳላማው ግን መረቡን አጎንብሶ አልፎ ማዶ ቆመ። በቀል መስሎን ሁላችንም ደነገጥን። እሱ ግን ዘመነን፣ ከዛሬ ጀምሮ አንተ ምታብኝ አለው።

ዘመነ ዕድሜውን ሙሉ አንሺ ነው፣ መምታት አያውቅበትም። ኳሷ ከፍ ስትልለት ዘለለና ለስለስ አድርጎ ገፋት። እንዳላማው ሳያነሳት ቀለባት፣ ይዟት ወደ መረቡ መጣና በገመዶቹ መሀል አሳልፎ ሰጠው። «የምርህን» አለው። «አንተ የምርህን ስትመታብኝ ብቻ ነው የማምንህ።»

ዘመነ እንደገና ዘለለና በዚያ ሰፊ መዳፉ መታት። የእንዳላማው ደረት ላይ ስታርፍ ድምጿ አስፋልቱ ድረስ ተሰማ። እንዳላማው አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ሄዶ ደረቱን አሸት አሸት አደረገ፣ ከዚያ ቦታው ተመልሶ ቆመና ድገም አለው።

አሁንም እንደዚያ ነው የሚጫወቱት፣ አንዱ ወዲህ አንዱ ወዲያ። ዘመነ መምታት እየለመደ መጥቷል። በመታ ቁጥር ግን ኳሷ የት እንዳረፈች አያይም፤ ቶሎ ብሎ የሚያየው የእንዳላማውን ፊት ነው።